ፍርዱ አልቆ ደሙ ሲቀር

በምዕራብ ሸዋ ነፍስ አጥፍቶ የተፈረደበት ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛውን ዳኛው በዓመት ቆርጦ ይሰጠዋል፤ አምቦ ማረሚያ ቤት ገብቶ ይከፍለዋል። ሁለተኛው በመዝገብ አልሰፈረም፤ የሚያውቁት የሟች ወገኖችና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። የእስር ዘመኑን ጨርሶ የወጣ ሰው ጊንጪ ወይም ጌዶ ገበያ ላይ ከሟች ወንድም ጋር ፊት ለፊት ቢጋጠም «ቅጣቴን ጨርሻለሁ» ማለቱ አያድነውም። ዘመዶቹ ይህን ስለሚያውቁ መፈቻው ሲቃረብ ሽማግሌ ይልካሉ። እርቁ ካልተያዘለት ከቀዬው ርቆ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ይከርማል።

ወንጀለኛ ይቀጣ ወይስ ይታረም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ ሁለተኛው ዕዳ ይዘለላል። ጉዳዩ በመንግሥትና በእስረኛው መካከል ብቻ ያለ ይመስል አንዱ ወገን «ይማቅቅ» ይላል፣ ሌላው «ሙያ ይማር» ይላል። እኔ ይታረም ከሚሉት ጋር ነኝ። ነገር ግን የእስር ቤታችንን ታሪክ ከአምቦ ደጅ ሆኜ ስመለከተው፣ የማረም ሥራው ዘወትር ጎዶሎ የሆነው በበጀት እጦት ብቻ አይመስለኝም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተበዳዩን ከበሩ ውጭ ትተነው ገብተናል።

እስር ቤት ለብዙ ዓመት የሚቀመጡበት የቅጣት ቦታ ሆኖ የተለመደው በቅርቡ ነው። በድሮው ዘመን ለዓመታት የሚታሰረው መኳንንቱና የንጉሥ ዘሩ ነበር። ግሸን አምባ፣ በኋላም በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ፣ ዙፋን ይሻሙ ይሆናል ተብለው የተፈሩ መሳፍንት ዕድሜያቸውን የሚገፉባቸው ተራሮች ነበሩ። ተራው ሰው የሚታሰረው እስኪፈረድበት ነው፤ እስሩ ራሱ ፍርድ አልነበረም። ያውም አሳሪው ብዙ ጊዜ ከሳሹ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ችሎት እስኪደርሱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ፍርዱ ሲሰጥ ሌባ በጅራፍ ይገረፋል፤ እጁ የሚቆረጥበትም ዘመን ነበር። ነፍስ ያጠፋ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥና ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፣ ወይ ካሳ ይቀበላሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ለዚህ ሁሉ ዳኝነት መመሪያ ሆኖ ለዘመናት አገልግሏል። ያ ጭካኔ እንዲመለስ የምመኝ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ የተበደለው ሰው ከጉዳዩ መሃል አይወጣም ነበር።

የሜጫና የቱለማ ኦሮሞ ለነፍስ ግድያ የራሱ ተቋም ነበረው፤ ዛሬም አለው። ጉማ ይባላል። ሕንፃ የለውም፣ ዘበኛም የለውም። ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች፣ ቃሉ የሚባለው የእምነት አባት ገልማ በተባለው የአምልኮ ቤቱ የሚሰማው አቤቱታና ማንም የማይደፍረው ክልከላ ያቆሙት ተቋም ነው። በሁለት ወገን መካከል ደም ከፈሰሰ ወገኖቹ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ አብረው አይጠጡም፣ አይጋቡም። ጉማ የሚጀምረው በማመን ነው፤ ጥፋቱን የካደ ሰው ሽማግሌ የሚልክበት ምክንያት የለውም። የገዳይ ወገን ይልካል፣ የሟች ወገን እምቢ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይሄዳሉ። ይህ ምልልስ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ዓመታት። ካሳውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍለውም፤ ወገን ያዋጣል። ስለዚህ አባትም ሆነ አጎት የልጁን ጠባይ የሚጠብቁበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ ጥፋቱ ከእነሱም በረት ከብት ያስወጣልና። በመጨረሻ ከብት ይታረዳል፣ ደሙ የሚነጻበት ሥርዓት ይፈጸማል፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ በቀል ያማረው ሰው የሚጣላው ከራሱ ሽማግሌዎች ጋር ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ የሠሩት «ጉማ» የተሰኘው ፊልም መነሻው ይኸው ልማድ ነበር፤ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማትም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ጉማ እንከን የለውም አልልም። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፤ የሟች ሚስት ቃሏ የሚሰማው በወንድ ዘመድ አፍ ነው። ወገን የበዛለትና ከብት የሞላለት ከድሀው ይልቅ ቶሎ ይታረቃል። የጎሳ ኃላፊነት ማለት ደግሞ ያላጠፋም ይከፍላል ማለት ነው። መንግሥት ፍርዱን ከጎሳ እጅ ወስዶ ለሁሉም እኩል ላድርገው ማለቱ በዚህ በኩል ትልቅ እርምጃ ነበር።

አወሳሰዱ ደረጃ በደረጃ ሆነ። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከርቸሌ ተሠራ፤ በግቢው ውስጥ የነበረው ባለስምንት ማዕዘን ፎቅ ዓለም በቃኝ ተብሎ ስሙ በመላው አገር ተሰማ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች ያንኑ ግቢ ባገኙት ሐበሻ ሞሉት። ነጻነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም. የእስር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 ሲታወጅ እስር ቤት የራሱ ሕግ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። አምቦ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከፍልውኃዋና ከእርሻ ትምህርት ቤቷ ጋር ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱና ወህኒ ቤቱም አብረው አደጉ። ጉደር ወይም ጀልዱ ላይ የተጣላ ሰው መዝገቡ የሚደመደመው አምቦ መጥቶ ሆነ።

በዚህ ሽግግር የሟች እናት ከከሳሽነት ወደ ምስክርነት ወረደች። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የተበደለው መንግሥት ነው፣ ቅጣቱም የመንግሥት ነው። እሷ ቃሏን ሰጥታ፣ በቀለም የነከረችውን አውራ ጣቷን በቅጠል ጠርጋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የማረም ሐሳብ በሕግ ቁልጭ ብሎ የተጻፈው በ1949 ዓ.ም. ነው። የጄኔቩ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በመጀመሪያው አንቀጹ የሕጉ ግብ ጥፋተኛውን መቅጣትም ማረምም እንደሆነ ደነገገ። ማረም ማለት እንግዲህ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ትናንት የመጣ ወሬ አይደለም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ከታወጀ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን በዚያው ሕግ ውስጥ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና የግርፋት ቅጣት ገብቷል፤ ግራቨን ያላሰቡት፣ በኢትዮጵያ በኩል የተጨመረ ነው። በሐኪም ተቆጣጣሪነት ይፈጸማል ተባለ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ልብ ለሁለት መከፈሉን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም፤ ሐኪሙም ጅራፉም በአንድ ክፍል ቆሙ።

በደርግ ዘመን ይህ ክርክር ጭራሽ ተረሳ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱን ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ በከርቸሌ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እስር ቤት የገባ ሰው ይቀጣ ወይስ ይታረም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጥያቄው ነገ በሕይወት ይውላል ወይ ነበር። ከምዕራብ ሸዋ የቶኬ ኩታዬ ልጅ የሆኑት ፖለቲከኛው ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና በወጣትነታቸው ዓመታት የፈጁት በዚያን ጊዜ እስር ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላም በ2009 ዓ.ም. እንደገና ታስረው በጥር 2010 ዓ.ም. ተፈቱ። የከርቸሌ ግንብ ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፤ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ረጅም ሕንፃ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ጅራፉን አስወጣ። መግቢያው ላይ እስረኛ በእስር ቤት ከሚሠቃይ ይልቅ ሲወጣ የሚጠቅመውን ትምህርትና ሙያ ይዞ መውጣቱ የሕጉ ትልቅ ሐሳብ እንደሆነ ይናገራል። በየከተማው በር ላይ «ማረሚያ ቤት» የሚል ታፔላ ተሰቀለ፣ እስረኛውም ታራሚ ተባለ። አምቦ ማረሚያ ቤትም በኦሮሚያ ክልል ሥር ሆነ።

ታፔላው ሥር ቆሞ ላየ ሰው ግን ማረሚያ ቤቱን የሚያቆመው ስንቅ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ከጀልዱ ደጋ በሚኒባስ የምትመጣ እናት ሌሊት ተነስታ ነው የምትዘጋጀው። ጩኮው በቅቤ ተለውሶ በዕቃ ይታተማል፤ ቶሎ ስለማይበላሽ ለታሰረ ሰው ተመራጭ ነው። ድንቹ ተቀቅሎ፣ እንጀራው ታጥፎ፣ ፎጣና ሳሙናው በፌስታል ለብቻው ይያዛል። በሩ ላይ መታወቂያዋ ይታያል፣ ዕቃው ይከፈታል፣ ጩኮው በማንኪያ ይወጋጋል። ፖሊሱ «ይቅመሱት እማማ» ይላታል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ቆንጥራ ትቀምሳለች። ልጇን ልትመርዘው የመጣች ይመስል! እሷ ግን አትቆጣም፤ የቀመሰችውን ውጣ «አስገባልኝ፣ ቶሎ አድርስልኝ» ትላለች። ያ ስንቅ ጠያቂ የሌለውን ጎረቤቱንም ያበላል፤ በእስር ቤት ውስጥ ስንቅ የሚገባለትና የማይገባለት ሰው ኑሮ አንድ አይደለም።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የሰብዓዊ መብት ሪፖርት በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ለአንድ እስረኛ ለምግብ፣ ለውኃና ለሕክምና በቀን 9 ብር ገደማ ይመደብ እንደነበር፣ መጠኑም ከቦታ ቦታ ይለያይ እንደነበር ደጋግሞ ጽፏል። በአገሪቱ የታሰረው ሰው ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ነበር። በ9 ብር ሰው ማረም አይቻልም፤ በሕይወት ማቆየትም የሚቻለው የጀልዷ እናት ስላለች ነው። እንዲያም ሆኖ በየማረሚያ ቤቱ ትምህርት ቤት አለ፤ ሽመና፣ እንጨት ሥራና ብረታ ብረት ይሠራል፤ ከዚያው ሆነው አገር አቀፍ ፈተና የሚቀመጡ አሉ። ይህን የሚያደርጉ መምህራንና ታራሚዎች ክብር ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ አቤቱታ ልምጣ። «ልጄን ገድሎ ገባ፣ ተምሮ ወጣ፤ የልጄ ልጆች ግን ደብተር የሚገዛላቸው አጥተው ከትምህርት ቀሩ» የሚል ሰው በአምቦና በዙሪያዋ ማግኘት አይቸግርም። ይህን አባባል የድንቁርና ወይም የጭካኔ አድርገው የሚያልፉ የመብት ተሟጋቾች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባትየው የሚለው እስረኛው ይራብ አይደለም፤ የእኔ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቅር ነው። መልሱ ግን ዓመት መጨመር አይመስለኝም። 25 ዓመት ጽኑ እስራት ቢፈረድም ለሟች ልጆች አንድ ደብተር አይገዛም። ጨካኝ እስር ሰውን እንደማይመልስ ደግሞ ብዙ ሰው በማሰር ከሚታወቁት ከአሜሪካኖች ማየት ይቻላል፤ የራሳቸው የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከ30 ግዛቶች የተፈቱ እስረኞችን ተከታትሎ ከሦስቱ ሁለቱ በ3 ዓመት ውስጥ እንደገና መያዛቸውን አስታውቋል።

የአምቦ እስር ቤት ስም ግን በመላው አገር የታወቀው በገዳይና በሌባ አይደለም። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ገና 17 ዓመቱ ሳለ በተቃውሞ ተሳትፈሃል ተብሎ ታሰረ። አምቦ እስር ቤት 5 ዓመት ተቀምጦ በ2000 ዓ.ም. ተፈታ፤ ግጥምና ዜማ መሥራትን የተማረው እዚያው ነው። ከተፈታ በኋላ ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ «ሳኚ ሞቲ» አብዛኛው የተሠራው በእስር ላይ ሳለ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ሰኔ 25 በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በአምቦ ሲነሳ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ሲቀጣጠል ብዙ ወጣት ታፍሷል፤ ጉደር አጠገብ ያለው የሰንቀሌ ፖሊስ ማሰልጠኛ ሳይቀር ማጎሪያ ሆኖ እንደነበር የመብት ድርጅቶች መዝግበዋል።

ይህን ማንሳቴ ከርዕሱ ለመውጣት አይደለም። ሰውን ለማረም አራሚው መታመን አለበት። የጎረቤቱ ልጅ ዘፈን ስላወጣ ወይም ሰልፍ ስለወጣ ሲታሰር ያየ የአምቦ ሰው፣ በዚያው ግቢ የገባ ነፍሰ ገዳይ «ታርሜ ወጣሁ» ቢለው በምን ይመነው? ያላጠፋ የታሰረበት ቤት ያጠፋውንም አያሳፍርም፤ ወንጀለኛውም ራሱን ከግፉዓን ተራ ይቆጥራል። ማረሚያ ቤት ከፖለቲካ እስር ነጻ መሆኑ ለታሳሪው መብት ብቻ ሳይሆን ለማረም ሥራው ራሱ መሠረት ነው።

ሕጉ ውስጥ ግን ተበዳዩ የሚገባበት ጠባብ በር አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያስተውለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የታሰረ ሰው በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። በተራ የሰው ግድያ 15 ዓመት የተፈረደበት በ10 ዓመቱ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። የሞት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠላቸው የደርግ ባለሥልጣናት በመስከረም 2004 ዓ.ም. የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን አንቀጹ መልካም ጠባይ ብቻ አይጠይቅም፤ ጥፋተኛው ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱንም ይጠይቃል። ጉማ የሚለውን ስም ሳይጠራ ጉማን ለአመክሮ ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል! በሥራ ላይ ሲውል ግን ሚዛን የሚደፋው የጠባዩ ነጥብ ነው፤ ካሳው «አቅም የለውም» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል።

ሩዋንዳ ከእልቂቱ በኋላ ይህንን በር በግድ ሰፋ አድርጋ ከፍታዋለች። ጋቻቻ በተባለው የመንደር ችሎት ጥፋተኛው በተበዳዩ ፊት ቆሞ እንዲያምን፣ ሬሳው የተጣለበትን እንዲያሳይ፣ ከዚያም የእስሩ ከፊል በማኅበራዊ ሥራ እንዲለወጥለት ተደረገ። ችሎቶቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጉ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይተዋል። ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም፣ የፖለቲካ ጥላ ነበረበት፤ ይህን የሚተቹት ትክክል ናቸው። ሆኖም የልጇ አጥንት የት እንዳለ ያወቀች እናት ያወቀችው ከዚያ ችሎት ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ሩዋንዳ ድረስ መሄድ አያሻም። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ወንበርና መዝገብ ይዘው እየተቀመጡ ነው። ሰው የገደለን መቅጣት የመደበኛው ፍርድ ቤት ሥራ ሆኖ ይቀጥል፤ መቀጠልም አለበት፣ አለበለዚያ ከብት ያለው ሁሉ ደም ይገዛል። የሚያስፈልገው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ዛሬ ሽማግሌ የሚላከው ዘመድ ሲጨነቅ፣ መፈቻው ሲደርስ ነው። አምቦ ማረሚያ ቤት ግን የሚፈታውን ሰው ቀን ከዓመታት በፊት ያውቃል፤ የሚመለስበትን ወረዳና የበደለውን ቤተሰብ ስምም በመዝገቡ ይዟል። ፍቺው አንድ ዓመት ሲቀረው ጉዳዩን ለወረዳው ባህላዊ ፍርድ ቤት ያሳውቅ፣ ሽማግሌዎቹም ግቢው ድረስ ገብተው ታራሚውን ያነጋግሩ። የሟች ሚስትና እናት በራሳቸው አፍ ይሰሙ፤ አንታረቅም ካሉም አይገደዱ፣ ቃላቸው ግን ከአመክሮ ፋይሉ ጋር ይያያዝ። ታራሚው በሽመናውና በእንጨት ሥራው ከሚያገኘው ገንዘብ ከፊሉ በስማቸው ባንክ የሚገባበት መንገድም በመመሪያ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ገቢ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ይዋል።